ቲዎሪ ተምራችሁ ልብወለድ መጻፍ ላቃታችሁ

የሥነ ጽሑፍ ቲዎሪ ኮርስ የወሰድኩ ሰሞን አንዲት አጭር ልብወለድ መጨረስ አቅቶኝ ነበር፣ ገና አንድ ዐረፍተ ነገር ስጽፍ ውስጤ ያለው ሀያሲ ብድግ ብሎ "ይሄ ምንን ይወክላል?" ይለኛል። ቲዎሪውን ያለሰዓቱ እያመጣሁት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ዝም ብላችሁ እንደመጣላችሁ ጻፉት፣ ማንም አያየውም። ቲዎሪ የሚገባው ሁለተኛው ላይ ነው፣ እሱም አንድ ብቻ፣ በጥያቄ መልክ።

ለምሳሌ ሩሲያዊው ሀያሲ ቪክቶር ሽክሎቭስኪ በ1917 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጣጥፍ የኪነጥበብ ሥራ የለመድነውን ነገር እንግዳ ማድረግ ነው ይላል፣ የለመድነውን እኮ አናየውም፣ ዝም ብለን ነው የምናልፈው። ይሄን ወደ ጥያቄ ስቀይረው "ዛሬ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ምን ይላል?" ሆነ። ረቂቄ ላይ "ታክሲ ገባሁና ሂሳብ ከፈልኩ" የሚል ነበር፣ በድን የሆነ ዐረፍተ ነገር። ጥያቄውን ይዤ ስመለስበት እንዲህ ወጣ፦

"ብሬን ፊቴ ለተቀመጠው ለማላውቀው ሰውዬ ሰጠሁት። እሱ ለአንዲት ልጅ አቀበላት፣ እሷ በሩ ጋ ላጎነበሰው ልጅ። መልሱም በዛው መንገድ ከእጅ እጅ እያለ መጣልኝ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።"

ታክሲ የሚል ቃል የለበትም፣ የአዲስ አበባ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሁሉን ቦታ እንዲህ ካደረጋችሁት ግን እንቆቅልሽ ነው የሚሆነው፣ ታሪኩ የሚታጠፍበት አንድ ሁለት ቦታ ይበቃል።

ከፈረንጅ ብቻ ደግሞ አትበደሩ። ቅኔ ቤት ኅብረ ቃል የሚባል አለ፣ አንዱ ቃል ሰምም ወርቅም ተሸክሞ የሚመጣበት። ጥያቄው "እዚህ ትዕይንት ላይ ሁለት ጊዜ የሚሰማ ቃል የትኛው ነው?" ነው። እዛው ታክሲ ውስጥ ክፉኛ ተጣልተው የተለያዩ ባልና ሚስት ሳያስቡት ጎን ለጎን ተቀመጡ እንበል፣ ረዳቱ "ሂሳብ ያልከፈላችሁ!" ይላል። አለቀ፣ ሰሙ የረዳቱ ነው፣ ወርቁ የነሱ። ብዙዎቻችን የምናበላሸው እዚህ ጋ "ሁለቱም ደነገጡ" ምናምን ብለን ስንጨምርበት ነው፣ ቅኔ ተቀኝቶ ወርቁን እዛው ራሱ የሚፈታ ሰው አለ እንዴ? ሴትየዋ ቦርሳዋን ትክፈት፣ በቃ።

የፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ የዤራር ዤኔትም ጥያቄ በጣም ይጠቅማል፣ "ማን ነው የሚያወራው፣ ማን ነው የሚያየው?" ብሎ ሁለቱን ይለያቸዋል። አንቀጹ በየመሀሉ እየዘለለ ካስቸገራችሁ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እሱ ነው፣ በሴትየዋ ዓይን ጀምራችሁ ሳታውቁት የሰውዬውን ሀሳብ አስገብታችኋል።

ስትጨርሱ ቲዎሪ ለማያውቅ ጓደኛ አስነብቡት። "ይሄ ነገር ምን ለማለት ነው?" ካላችሁ ያንን ቦታ ሰርዙት። "ቆይ ግን ሴትየዋ የሱንም ከፈለችለት?" ካላችሁ አትንኩት።