ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ግን ቶሎ አትውጡ

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። እኔም እስከ 36 ዓመቴ ከፔዳል ሌላ አላውቅም ነበር። ፈረስ ለእኔ ጋሪ የሚጎትት፣ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋበት ዞር ብሎ እንኳ የማያይ እንስሳ ነው። አንድ ጥምቀት ላይ ፈረሰኞች በደንገላሳ ሲያልፉ አየሁና ልቤ ተነሣ። በሳምንቱ ፈረስ ተከራይቼ ወጣሁ። በዚያው ቀን ወረድኩ፤ ያውም በትከሻዬ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው "ከየት ልጀምር?" ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፦ ከመሬት። "ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው" ይባላል። በፈረሱና በሜዳው መካከል ግን ሁለት ወር አለ።

መጀመሪያ ፈረስ አትግዙ። የሰው ፈረስ ፈልጉ። እኔን ያስተማረኝ ከዳንግላ በኩል የመጣ ባለጋሪ ነው፤ "አያ" እለዋለሁ። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይባላል። እሑድ እሑድ ጋሪው ስለማይወጣ ተስማማን፦ እኔ ፉርሽካ ይዤ እመጣለሁ፣ ቦራን አጥባለሁ፣ እግሩን አጸዳለሁ፤ እሱ ያስተምረኛል። የጋሪ ፈረስ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ያልሰማው ጩኸት፣ ያላየው መኪና የለም። በበዓል ጌጥ አብረቅርቆ የሚፈነጭ ድንጉላ፣ ማለትም ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ፣ ግን ለእናንተ አይደለም። ገና አይደለም።

አቀራረብ። በመጀመሪያው ቀን ከጭራው በኩል ስመጣ አያ ጮኸብኝ። "ከኋላ የሚመጣበት ጅብ ነው፤ ጅብ እንዳትመስዪው!" የፈረስ ዓይን በጎንና ጎን ስለሆነ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል። የማያየው ልክ ከጭራው ኋላና ልክ ከግንባሩ ፊት ያለውን ነው። ስለዚህ በግራ ትከሻው በኩል፣ እያወራችሁ፣ ሳትሮጡ ቅረቡ። እጃችሁን አንገቱ ላይ አሳርፉ፤ አፍንጫውን ለመንካት አትቸኩሉ። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ከያዘ የዛሬው ሰላምታ እዚያ ላይ ይብቃ።

እግር። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ በጣም የምወደው ይህን ነው። ፊታችሁን ወደ ጭራው አድርጋችሁ ጎኑ ቁሙ። እጃችሁን ከትከሻው ጀምራችሁ በእግሩ ወደ ታች አውርዱ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን ጅማት ቆንጠጥ አድርጉ፤ የለመደ ፈረስ እግሩን ያነሣል። አያ ብየዳ ቤት ያስጎበጣት፣ ጫፏ የደነዘ ብረት አለችው። ከተረከዝ ወደ ጫፍ ትጠርጋላችሁ። ኮቴው መሐል ሦስት ማዕዘን የመሰለ ለስላሳ ነገር አለ፤ እሱን አትውጉት። እኔ ከቦራ ኮቴ ጠጠር፣ የቢራ ቆርኪ፣ አንዴ ደግሞ የሽቦ ቁራጭ አውጥቻለሁ። ኮቴው ክፉ ከሸተተ ማደሪያው ረጥቧል ማለት ነው፤ ክረምት ላይ ይብሳል።

ከዚያ ጀርባውን ዳብሱ። ገጣባ፣ ማለትም የጀርባ ቁስል፣ ካለው ኮርቻ አይጫንም፤ ባለቤቱ "ምንም አይል" ቢላችሁም።

ውሃ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ሐይቁ ቅርብ ነው ብዬ ቦራን ጣና ዳር ደንገሉ ሥር ወስጄ አጠጣሁት። በማግሥቱ ከአፉ ደም መጣ። ልጓሙ የቆረጠው መስሎኝ ስደነግጥ፣ አያ አፉን ከፍቶ ምላሱ ሥር የተጣበቀ አልቅት አሳየኝ። አሁን በባልዲ ከቧንቧ ነው። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣልና ባልዲው አንዴ ብቻ አይበቃም። ሌላው የሐይቅ ዳር ጣጣ ተናካሽ ትንኞች ናቸው። ክረምት ሲወጣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን የሚያስተላልፉት እነሱ ስለሆኑ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ቤት ማሳደር ይሻላል። ክትባቱንም የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

በሁለተኛው ወር ኮርቻ። የሆዱን ጠፍር ስታጠብቁ ፈረሱ ሆዱን ይነፋል፤ ተንኮሉን ያውቅበታል። ዐሥር እርምጃ አስኬዱትና እንደገና አጥብቁ። ይህን ስላላወቅሁ ነበር ያን ቀን ኮርቻው ከእኔ ጋር የዞረው። በግራ በኩል ውጡ። የአገራችን የጥንት ፈረሰኛ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ ነበር እርካብ ውስጥ የሚያስገባው። እኛ ጫማ ለባሾች ተረከዝ ያለው ጫማ እናድርግ፣ የእግራችንን ፊት ብቻ እናስገባ። ሙሉ እግር ከገባና ከወደቃችሁ ፈረሱ ይጎትታችኋል። ራስ ላይ የፈረሰኛ ቆብ ከጠፋ የብስክሌቱን አጥልቁ፤ ከባዶ ራስ ይሻላል።

ልጓሙ የሚያርፈው ጥርስ በሌለበት የድድ ክፍተት ላይ ነው። በእጃችሁ የያዛችሁትን የልጓም ማሰሪያ፣ ዛቡን፣ ስትጎትቱ ድዱን ነው የምትጎትቱት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርምጃ ብቻ፣ አያ እየመራኝ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ባጃጅ ሳይበዛ፣ ሰባታሚት በኩል አፈር መንገድ ላይ ነበርን። አስፋልት ያንሸራትታል። ሶምሶማ ላይ አንጀታችሁ ይናወጣል። ጋማ መያዝ አያሳፍርም፤ እኔ ሦስት ወር ይዣለሁ።

መግዛት ካማራችሁ በመልክ አትሸነፉ። ዳማም ሆነ ቡላ፣ አምባላይም ሆነ፣ አፉን ክፈቱ። የፊት የወተት ጥርሶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ተኩልና በ4 ተኩል ገደማ ይቀየራሉ፤ 5 ሲሞላው ጨርሷል። ለጀማሪ ሰንጋ (የተኮላሸ ፈረስ) ወይም የተገራች ባዝራ (ሴት ፈረስ) ይሻላል። እግሩ ወይም ደረቱ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ካያችሁ ሂሳቡን አትክፈሉ። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በዕቃና በዝንብ ይተላለፋል።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ወደሚከበርባት እንጅባራ ሂዱ። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው፤ በዓሉ ላይ የዓድዋ ፈረሶች ይታሰባሉ። ስሄድ አያ "ሲጋልቡ ሳይሆን ሲወርዱ እዪ" ብሎኝ ነበር። አቧራው ሳይረጋ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ቆምኩ። ሰውየው ሽምጥ ጋልቦ መጥቷል፤ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። እሱ ወደ ሕዝቡ ዞር አላለም። ወርዶ ጠፍሩን አላላ፣ ላቡን በነጠላው ጫፍ ጠረገለት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የፊት ግራ እግሩን አነሣ።