ጎጃም ለአገልግሎት ልትወጣ ነው? ስለ ኑሮው እንዲህ አድርግ

ከሆሳዕና፣ ከሶዶ፣ ከአዲስ አበባም ስልጠና ጨርሰው ለወንጌል አገልግሎት ወደ ጎጃም የሚላኩ ጴንጤ ልጆች ስልኬን ከሰው ተቀብለው ሲደውሉልኝ ጥያቄያቸው ሁሌም ያው ነው፣ ምን ብዬ ልጀምር፣ ምን ልስበክ። አከራዬን ምን ብዬ ልጥራት፣ አርብ ቀን ምን ልብላ ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። ስብከቱን ላኪ ቤተክርስቲያንህ አስተምራሃለች፣ እሱ ላይ እኔ የምጨምረው የለኝም፣ ጎረቤቶችህ ግን አፍህን ከመስማታቸው በፊት ወራት ሙሉ አኗኗርህን ነው የሚያዩት፣ ስለዚ ስለ ኑሮው ልጻፍልህ።

ልብስ ላይ ቶሎ ልለፍ። ጎጃም ሲባል ባህር ዳርን በቲቪ አይቶ ሙቀት የሚመስለው ብዙ ነው፣ ደብረ ማርቆስም እንጅባራም ደጋ ናቸው፣ እንጅባራ ክረምት ላይ ዝናቡ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ወፍራም ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ፣ ለጭቃው ቦቲ ጫማ ያዝ፣ ጋቢ እዛው ገበያ ትገዛለህ። ምድብህ ባህር ዳር ወይ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ወይ ጃዊ ከሆነ ደግሞ ወባ አለ፣ አጎበር ሳትይዝ አትሂድ፣ ሲያተኩስህ ጉንፋን ነው ብለህ አትተኛ፣ ቶሎ ተመርመር።

መንገዱ ከአዲስ አበባ በጎሃ ጽዮን ቁልቁል የአባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ ይወጣል፣ ከዛ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ እያለ ባህር ዳር ይደርሳል። መንገድ የሚዘጋበት ኔትወርክም የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ከመነሳትህ በፊት እዛው ከሚኖር ሰው ጋ ደውለህ ጠይቅ፣ መናኸሪያ ያለ ደላላ "ሰላም ነው ግባ" ስላለህ ብቻ አትሳፈር፣ ማታ አትጓዝ። መታወቂያህን፣ የላከህን ቤተክርስቲያን ደብዳቤና ለተወሰኑ ሳምንታት የሚበቃ ጥሬ ብር በእጅህ ይኑር፣ ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብር አያበላም።

ቤት ስትከራይ ማንነትህን ደብቀህ አትግባ። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት እዛው በሩ ላይ ቆመህ "እማማ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ለቤተክርስቲያን ሥራ ነው የመጣሁት፣ በግቢዎ ግን ሰው ሰብስቤ ፕሮግራም አላደርግም" በላቸው። አንዳንዷ "እንግዲያስ ይቅርብኝ ልጄ" ትልሃለች፣ አመስግነህ ቀጣዩን በር አንኳኳ፣ መብቷ ነው። እሺ ያለችህ ግን አውቃ ነው ያስገባችህ፣ ነገ ጎረቤት "ማንን ነው ያስገባሽው" ሲላት የምትመልሰው አላት። ደብቀው የገቡ ልጆች ነገሩ ሲወጣ በሳምንት ውስጥ እቃቸውን ባጃጅ ላይ ሲጭኑ አይቻለሁ፣ ያስወጣቸው ደግሞ ከእምነታቸው ይልቅ መደበቃቸው ነበር። ከዛ ቀበሌ ሄደህ ተመዝገብ፣ አታዘግየው።

አጠራር ላይ ተጠንቀቅ። ከእኛ አገር የሄደ ልጅ ሁሉንም "አንተ" "አንቺ" ይላል፣ ገጠር ስትወጣ ትልቅ ሰው "አንቱ" ነው። ቄስ "አባ"፣ የአብነት መምህር "የኔታ"፣ በዕድሜ ከፍ ያለ ወንድ "አያ" ወይ "ጋሼ"፣ ሴት "እትዬ"። ሰላምታው ደግሞ ረጅም ነው፣ እንዴት አደሩ ብለህ እየሄድክ አትለፍ፣ ቁም፣ ስለ ልጆቹ ጠይቅ፣ ስለ ከብቱ ጠይቅ፣ ዝናቡስ ተስማማ ወይ በል፣ መልሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው፣ ይሄን አንተም በሙሉ ልብህ ትለዋለህ። "ጌታ ይባርክህ" ን ለጸሎት ቤት አቆየው፣ መንገድ ላይ ስትለው ሰው እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ነው የሚያየው። ቄስ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ተነስቶ መስቀል ይሳለማል፣ አንተ ካልተሳለምክ ቢያንስ ተነስ፣ ኮፍያህን አውልቅ፣ ጎንበስ ብለህ "እንደምን አደሩ አባ" በል። ተቀምጦ ስልክ መነካካት ይታይብሃል። እንጅባራና ዳንግላ ዙሪያ ከሆንክ ደግሞ የብዙ ሰው የቤት ቋንቋ አዊኛ ነው፣ ቢያንስ ሰላምታውን ከልጆች ተማር፣ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲመጣም ቤት አትቀመጥ፣ ውጣና ፈረሱን እይ፣ በነጋታው ከማንም ጋ የምታወራው አታጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ጾም። የበዓላት ካላንደር ገዝተህ ግድግዳህ ላይ ስቀል። ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ሰኔ ላይ የሐዋርያት አለ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕም አርብም ይበላል። አንተ አትጾምም ይሆናል፣ የጭስ መውጫችሁ ግን አንድ ግቢ ነው። አንድ አብሮን ያገለግል የነበረ ልጅ ሁዳዴ ላይ ጠዋት እንቁላል ጠበሰ፣ በቅቤ፣ በሩን ክፍት አድርጎ፣ ያውም አከራዩዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ሴትዮ ናቸው። ሴትዮዋ ምንም አላሉም፣ ወጥተው ያሰጡትን በርበሬ ከነስፌዱ አንስተው ወደ ጓዳ አስገቡና በራቸውን ዘጉ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ቡና ጠጣ ብሎ የጠራው የለም። ስለዚ በጾም ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ብላ፣ ድንቹ እዛ እንደሆነ ሞልቷል፣ ቅቅሉን በአዋዜ ስትበላው ሥጋ አይናፍቅህም (እሺ፣ ትንሽ ይናፍቅሃል)። ሥጋ ካማረህ ራቅ ያለ ምግብ ቤት ፈልግ፣ እሱንም በጾም ብዙ ቦታ አታገኝም። ድስት ከአከራይህ አትዋስ፣ የጾም ድስትና የፍስክ ድስት የተለያየ ነው፣ የጾሙ ድስት ላይ ወተት አፍልተህ ብትመልስላቸው ታጥቦም አይጠራላቸውም። ሁዳዴ ጠዋት ደግሞ ሰው ቤትህ ሲመጣ ቡና ላፍላ አትበል፣ ብዙው ቅዳሴ ሳይወጣ አይቀምስም፣ እንግዳህን ታሳቅቀዋለህ።

ካላንደሩ ለሌላም ይጠቅምሃል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ገጠር ላይ ሰው አያርስም፣ እህል አይወቃም፣ አንተ በዛ ቀን እንጨት ስትፈልጥ መጥረቢያህ ሦስት ጎረቤት ይሰማል። ልብስህን በሌላ ቀን እጠብ፣ እንጨትህን በሌላ ቀን ፍለጥ፣ ምንም አይጎድልብህም።

መጠጥ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ቁርጥ ያለ መልስ ይኑርህ። ቤት በገባህ ቁጥር ጠላ ይቀዳልሃል፣ የዳጉሳ ጠላ ጥቁር ሆኖ ጣሳው ሙሉ። አንድ ጊዜ ላለማስቀየም ብለህ ከቀመስክ በሚቀጥለው ቤት እንቢ ስትል "እነ እንትና ቤት ጠጥቶ የለ እንዴ፣ የኛን ጠልቶ ነው" ይባላል። ተነስተህ በሁለት እጅህ ተቀበል፣ ለባለቤቲቱ "እጅዎ ይባረክ እትዬ፣ እኔ አልጠጣም፣ ውሃ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል" ብለህ መልስላቸው። ጣሳውን በእጅህ ሳትቀበል ጥለህ መውጣት ግን አይሆንም። አንዳንድ እናቶች ከለመዱህ በኋላ የማያሰክረውን ቀሪቦ ያዘጋጁልሃል፣ እሱን ጠጣ፣ ሁለተኛም ጠይቅ። ቡና ላይ በረካ ሳይደርስ አትነሳ። ጸበል ጸዲቅ ሲላክልህ ምን እንደምታደርግ ደግሞ ከመሄድህ በፊት ከመሪዎችህ ጋ ተነጋገርበት፣ አንዳንዱ ይበላል አንዳንዱ አይበላም፣ ሳህኑ እጅህ ላይ እያለ የምትወስነው ነገር አይደለም።

የቆሎ ተማሪ በርህ ላይ ይመጣል፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻው ዱላ ይዞ። ልጆች ናቸው፣ አንዳንዱ አስር ዓመት አይሞላውም፣ ከቤቱ አንተ ከራቅከው በላይ የራቀም አለ። "እኔ ጴንጤ ነኝ ሂድ" የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ እኔ እንደዚህ የሚል አገልጋይ ወደ አገሩ ቢመለስ ይሻላል እላለሁ፣ ወንጌሉን ማን ላይ ሊያደርገው ነው? ውሻውን ያዝለት፣ ቁራሽ ስጠው፣ ወጥ የሌለው ደረቅ እንጀራ ይሻለዋል፣ አኩፋዳው አይበላሽበትም፣ ስሙንና አገሩን ጠይቀው። ልትሰብከው አትሞክር፣ የተራበ ልጅ በእንጀራ አይያዝም። ይሄን እንኳን እኔ የኔታቸውም ቢሰማ ይስማማል።

ሰው ለምን ይጠራጠረኛል ብለህ እንዳትቆጣ ታሪኩን እወቅ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1618 ሰከላ ግሽ አባይ ድረስ ሄዶ የአባይን ምንጭ አይቷል፣ አፄ ሱስንዮስም በነሱ ትምህርት ካቶሊክ ሆነው አገሩን በአዋጅ ሊለውጡ ሲሞክሩ ስንት ሰው አለቀ፣ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1632 "ፋሲል ይንገስ ሃይማኖት ይመለስ" ተብሎ ነው የበረደው። ይሄ ለነሱ መጽሐፍ ላይ ያለ ብቻ አይደለም፣ አረቄ ቤት ያለ ሽማግሌ ትናንት የሆነ አስመስሎ ይነግርሃል፣ ከውጭ መጥቶ ሃይማኖት የሚያስተምር ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው እሱ ነው። አንተ ፈረንጅ አይደለህም፣ የሀዲያ ወይ የወላይታ ልጅ ነህ፣ ግን ያንን ማስረዳት የሚቻለው በመኖር ነው።

ክርክርም ይመጣል። ምልጃ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት 66 ናቸው 81፣ ታቦት፣ ምናምን። ዲማን፣ ዋሸራን፣ ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የቅኔ ቦታዎች ያሉበት አገር ነው፣ ፊትህ የቆመው ቁምጣ የለበሰ ሰውዬ ዳዊትን በግዕዝ በቃሉ የሚወጣ፣ ቅኔ የቆጠረ ሊሆን ይችላል፣ አንተ የወራት ኮርስ ይዘህ ገበያ መሀል ብትገጥመው መሳቂያ ነው የምትሆነው፣ ደግሞ በሰምና ወርቅ ሲሰድብህ ሰው ሲስቅ አብረህ ትስቃለህ። "እኔ ለመማርም ነው የመጣሁት" በልና ጠይቀው፣ ያስረዳሃል፣ ማስረዳት ይወዳሉ። ሰው በቁምነገር ስለ እምነትህ ሲጠይቅህ ግን ቁጭ ብለህ፣ ለብቻ፣ ሳትደብቅ መልስ፣ ከዳዊት ጀምር፣ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ።

ለቅሶ ከሁሉም ይበልጣል። ጎረቤት ሲሞት ፕሮግራም አለብኝ አይባልም፣ ሂድ፣ ድንኳን ትከል፣ ውሃ ቅዳ፣ እንጨት ተሸከም፣ ሦስቱን ቀን ተቀመጥ። ሥርዓቱ ላይ የማትሳተፍበት ካለ ከኋላ ቆመህ ዝም በል። የአካባቢው ጴንጤ አማኞችም የሚጨነቁት እዚህ ላይ ነው፣ እኛ ስንሞትስ ማን ይቀብረናል፣ የት እንቀበራለን ይሉሃል፣ መቃብር ችግር የሆነበት ቦታ ስላለ፣ ይሄን አንተ በስሜት አትመልሰው፣ ለሽማግሌዎችህ አድርስ።

ሪፖርት ስትጽፍ ፎቶ አትላክ። ይሄን በጣም ነው የምለው። ላኪዎችህ ፎቶ ይወዳሉ፣ ቴሌግራም ላይ "አንድ ነፍስ ዳነ" ተብሎ ከነፊቱ ሲለጠፍ አንተ ላይክ ታገኛለህ፣ ልጁ ግን በማግስቱ ከቤት ሊባረር፣ አባቱ ከእድር ሊወጣ ይችላል። ስም፣ ቀበሌ፣ ፎቶ የለበትም ሪፖርቱ። "ሰዎች እየጠየቁ ነው" በቂ ነው፣ ካልበቃቸው መጥተው ይዩ።

እህቶች፣ ለእናንተ ደግሞ ብቻ አትከራዩ፣ ቢቻል ሁለት ሆናችሁ ሴት አከራይ ያለችበት ግቢ፣ ሽንት ቤቱና ውሃው ግቢ ውስጥ መሆኑን ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

ብቸኝነቱ በሁሉም ቀን አይደለም የሚመጣው። የኛን አገር ልጅ መስቀል ላይ ነው የሚይዘው፣ አገር ቤት ያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፣ ሁሉም አገር ቤት ገብቷል፣ ቆጮውና ክትፎው በቪዲዮ ኮል ይታይሃል፣ አንተ ዝናብ ውስጥ ነህ። ያን ሳምንት አስቀድመህ ሙላው፣ ቀጣዩ ከተማ ያለውን አገልጋይ ጥራው ወይ ሂድበት፣ የጎረቤቶችህም ደመራ አለ፣ ችቦ ይዘህ ከልጆቹ ጋ ውጣ። ነሐሴ ላይ ቡሄ ሲጨፍሩልህ ደግሞ ዝርዝር ብር ይኑርህ፣ ባዶ እጃቸውን የሸኘሃቸው ልጆች በግጥም ነው የሚመልሱልህ።

ጊዜህ ሲያልቅ የሱቁን ዱቤ ዝጋ፣ ለአከራይህ ከአንድ ወር በፊት ንገራቸው፣ የሚተካህ ልጅ ካለ አንተው እጁን ይዘህ ቤት ለቤት አስተዋውቀው፣ አባ ጋ ሳይቀር። ካላንደሩንም ከግድግዳው ሳታነሳ ተውለት።