ከፒስተን የፈሰሰ አልሙኒየም አኖዳይዝ ሲደረግ ለምን ይጠቁራል? ችግርና መፍትሄ

ጥቁር ጥላሸት

አኖዳይዝ ማለት ዕቃውን አሲድ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ላዩ ላይ ቀለም የሚይዝ ጠንካራ ሽፋን ማብቀል ነው፤ ከዚያ በፊት ዕቃው በኮስቲክ ሶዳ ይጸዳል። ጎንደር ላይ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ችግር ይኸኛው ነው። ዕቃው ከኮስቲክ ሶዳ ሲወጣ ይጠቁራል፤ ሲነኩት እጅ ያቆሽሻል። ሁሉም የሚያማው አሲዱን ነው። አሲዱ ምንም አላደረገም። ጣጣው አልሙኒየሙ ውስጥ ያለው ሲሊከን ነው።

እኛ ጋ በብዛት የሚቀልጠው አሮጌ ፒስተን ነው። ፒስተን 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለው፤ የመስኮት ፕሮፋይል ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ኮስቲክ አልሙኒየሙን ይበላና ሲሊከኑን ላዩ ላይ ይተወዋል። በቆየ ቁጥር ይብሳል።

አንድ ደንበኛ የባጃጅ ሞተር ክዳን ይዞ መጣ፤ ወርቃማ እንዲሆንለት ነው። ሌላ ቦታ ሞክረውት ጠቁሮባቸዋል። ጥቁሩ ይለቃል ብለው መልሰው መላልሰው ኮስቲክ ውስጥ ነከሩት። ጭራሽ ከሰል መሰለ፤ የብሎኑ ጥርስም ተበላ። የሰው ንብረት እንዲህ ይደረጋል?

መፍትሄው ኮስቲኩን መቀነስ ነው። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ ቅባቱን በሳሙና እጠቡ። ኮስቲክ የግድ ከሆነ ለሰከንዶች ብቻ። ናይትሪክ አሲድ ከመዳብ የመጣ ጥቁረት ያነሳል፤ ሲሊከንን ግን ብቻውን አይችለውም። ፍሎራይድ ሲጨመርበት ያነሳል። እባካችሁ፣ ይህን በጓሮ አትሞክሩት! ፍሎራይድ ያለበት አሲድ ቆዳ አልፎ አጥንት ይደርሳል፤ ሕመሙም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ቃጠሎ የሚቀባው የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገባችሁ ከሌለ ጠርሙሱን አትክፈቱ።

ደንበኛም እውነቱን ይወቅ። ከፒስተን የፈሰሰ ዕቃ ጥሩ ወርቃማ አይወጣውም፤ ጥቁር ቀለም ግን ያምርበታል። ደማቅ ቀለም የፈለገ ገና ሳይቀልጥ ይናገር። ፕሮፋይል ብቻ ማቅለጥም አያዋጣም፤ ቅርጹን በደንብ አይሞላም፣ ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል። የመኪና አልሙኒየም ቸርኬ ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ሲሊከኑ 7 በመቶ ገደማ ነው፣ መዳቡም ትንሽ ነው።

ቆይቶ የሚወጣ ነጭ ነጠብጣብ

ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀ አሲድ ነው። እርጥብ ቁርጥራጭ ሲቀልጥ ሃይድሮጅን ይገባና ቀዳዳ ይፈጥራል። ክረምት ላይ ቁርጥራጩን በደንብ አድርቁ። እርጥብ ነገር የቀለጠ ላይ ከተጣለ ደግሞ ይፈነዳል! የተጎዳውን ዕቃ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ነክራችሁ ደጋግማችሁ እጠቡ።

የተቃጠለ ቦታ

ማሰሪያው ላልቷል ወይም ከረንቱ በዝቷል። በአልሙኒየም ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩ። የመዳብ ሽቦ አሲዱ ውስጥ አይገባም።

እንደ ዱቄት መራገፍ

አሲዱ ሞቋል። 20 ዲግሪ አካባቢ ያዙት።

ቀለሙ ሲለቅ

የአኖዳይዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አልተዘጉም። መመሪያዎች ከ96 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ዝጉ ይላሉ። ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እሳት ብትጨምሩም ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ የመዝጊያውን ጊዜ አርዝሙ። ካልሆነ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራ ኒኬል አሲቴት የሚባል የመዝጊያ ኬሚካል ተጠቀሙ፤ ጓንት አድርጉ፣ ለምግብ ዕቃ ግን አታውሉት።