ኢቃማሽ እጅሽ ይግባ

ደሴ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብላ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ፓስፖርት ይዛ የምትመጣ ልጅ ሁሉ ስለ ደመወዝ ትጠይቀኛለች። ስለ ኢቃማ፣ ማለትም ስለ ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የጠየቀችኝ ግን ከስንት አንዷ ናት። ጅዳ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝና ቡና አፍልቼ አስቀምጣታለሁ።

መጀመሪያ ወጪውን እንለይ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ክፍያ የአሠሪው ነው። ያንቺ የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ደላላ «ለኢቃማ» ብሎ ገንዘብ ከጠየቀሽ፣ አባትሽ በሬውን ለመሸጥ ገበያ ሳይወጣ መልሽው።

ቪዛው የሚያስገባሽ ብቻ ነው፤ የሚያኖርሽ ኢቃማው ነው። ሳዑዲ በገባሽ በ90 ቀን ውስጥ አሠሪሽ ሊያወጣልሽ ይገባል። ቁጥሩ አሥር አኃዝ ነው፣ በ2 ይጀምራል። እንደ ፋቲሓ በቃልሽ ያዢው።

የእኔን ካርድ ማዳሜ ከወርቋ ጋር ቆልፋበት ነበር። ማብቂያ ቀኑ በሂጅራ፣ በእስልምናው አቆጣጠር፣ የተጻፈ ነበር፤ የሂጅራ ዓመት ደግሞ ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ሥራው ጨርሶ ስለማያሳርፈኝ አልቆጠርኩትም። ጥርሴን ታምሜ ሐኪም ቤት ስሄድ መዝጋቢው ቁጥሩን አስገብቶ አንገቱን ነቀነቀ፤ ለካ አምስት ወር አልፎበታል! ማዳሜ የተናደደችው በእኔ ነበር።

አንቺ ግን በራስሽ ኢቃማ የተመዘገበ ሲም ካርድ ካለሽ አብሽር የተባለውን የሳዑዲ መንግሥት መተግበሪያ በስልክሽ ከፍተሽ ማብቂያውን ቀን ታያለሽ። እኛ ወሎዬዎች ሰው ስናጽናና የምንለው ያው ቃል ነው፤ ስሙን ለመርሳት ሰበብ የለሽም።

ክፉ ቢገጥምሽ ዝም ብለሽ ከቤት አትጥፊ። አሠሪሽ «ሁሩብ» ብሎ፣ ማለትም ጠፍታለች ብሎ ካስመዘገበሽ፣ እስርና መባረር ሊደርስብሽ ይችላል። ደመወዝ ሦስት ወር ካልተከፈለሽ ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር የምትችይበት ደንብ አለ። አቤቱታሽን ለአገሩ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ታቀርቢያለሽ፤ ሪያድ ኤምባሲያችን፣ ጅዳ ቆንስላችን አለ። ማስረጃ ግን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ደመወዝሽን በባንክ ተቀበዪ፣ «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» የሚል ደግነት አያታልልሽ።

ፓስፖርትሽን አሠሪ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ብዙዎቹ ግን ይይዛሉ። ከመብረርሽ በፊት የፓስፖርትሽንና የውልሽን ቅጂ ለእናትሽ ትተሽ ሂጂ፣ ኢቃማው ሲወጣም በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ላኪላት። ለቅጂው ገንዘብ አልቀበልሽም። በረካውን ሳትጠጪ ግን አትነሺም።