ከአሜሪካ ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቱ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ልጆችን ማመልከቻ ማየት ከጀመርኩ ዓመታት ሆኑኝ። ዘንድሮም ያው ስህተት ስለመጣ ልጻፈው።

በመቶኛ አትወስኑ። አንድ አባት፣ «ሃርቫርድ ከመቶ አምስት እንኳ አይቀበልም፤ ኦክስፎርድ ከአሥር በላይ ይወስዳል። እሱ አይቀልም?» አሉኝ። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን በእንግሊዝ ሥርዓት ማመልከት የሚቻለው ቢበዛ 5 ቦታ ነው። ኦክስፎርድንና ካምብሪጅን በአንድ ዓመት መሞከርም አይቻልም። እንደ አሜሪካ 20 ቦታ በትኖ ዕድሉን የሚሞክር የለም። ካምብሪጅ ከአሜሪካ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ኤፒ (ሃይስኩል እያሉ የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ፈተና) ይጠይቃል፣ ሁሉም ላይ ከፍተኛውን ውጤት 5 ያመጣ። ጂፒኤው 4.0 ቢሆንም የሃይስኩል ዲፕሎማ ብቻውን አይበቃም። ይህን 12ኛ ክፍል ላይ መስማት ደግሞ በጣም ረፍዷል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ለአሜሪካ የተጻፈውን ኤሴይ እንዳለ ለእንግሊዝ መላክ ነው። አንዲት ልጅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችና «ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አለችኝ። የአያቷ ጀበና አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የምትዘምረው መዝሙር አለ። ልቤን ነካኝ። ያመለከተችው ለኢኮኖሚክስ ነው። ቃሉን ፈለግኩት፤ የተገኘው አንዴ ብቻ፣ መጨረሻው መስመር ላይ። የሚያነብላት የትምህርቱ መምህር ነው! ማወቅ የሚፈልገው ምን እንዳነበበች፣ ምን እንደጠየቀች ነው። አሁን ቅጹ ራሱ በሦስት ጥያቄ ተከፍሏል፤ የመጀመሪያው «ይህን ትምህርት ለምን መረጥሽ?» ነው። ስንጨዋወት የእናቷን የእቁብ ደብተር የምትይዘው እሷ መሆኗ ወጣ። ባንክ እያለ ሰው ለምን እቁብ ይጥላል ብላ ስታስብበት ከርማለች። «በይ፣ ከዚህ ጀምሪ» አልኳት።

ሆላንድ ተገላቢጦሽ ነው። መስፈርቱን ካሟላችሁና የተማሪ ቁጥር ያልተገደበበት ትምህርት ከሆነ ትገባላችሁ። ችግሩ መቆየቱ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተቀመጠውን ክሬዲት ያላሟላ ከትምህርቱ ይሰናበታል። መግባት ቀላል ነው ብሎ የተዝናና ልጅ አይቻለሁ፤ በዓመቱ ተመለሰ።

ፔል ግራንት፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ፣ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለገባ አይሠራም። የፌዴራል ብድር ግን ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው። የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሕክምና ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 15፣ በለንደን ሰዓት ከምሽቱ 12 (6 PM) ነው። ያኔ ዋሽንግተን ገና ከቀኑ 7 ሰዓት (1 PM) ነው። እኔ በእኛ ሰዓት መስሎኝ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ከትምህርት ቤት ሲመለስ ልንልክ ተቀጣጠርን። ቦርሳውን ሳያወርድ ላፕቶፑን ከፈተ። ተዘግቷል። ልጁ አንድ ዓመት ጠበቀ።