የቀድሞ ኑዛዜን እንዴት ይሽራሉ?

ልጆቹን ሰብስቦ «ያን ኑዛዜ ትቼዋለሁ፤ ቤቱ የሁላችሁም ነው» የሚል አባት ጥቂት አይደለም። ልጆቹም ቃሉን አምነው ይቀመጣሉ። እሱ ሲያርፍ ግን ፍርድ ቤት የሚቀርበው ቤቱን ለታላቁ ብቻ የሚሰጠው፣ ከቁም ሳጥን የወጣው አሮጌ ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ተናዛዥ እስኪሞት ድረስ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ ለውጡ ግን ሕጉ በሚያውቀው መንገድ መደረግ አለበት።

መጀመሪያ የቀድሞው ኑዛዜ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቀው ሦስት ነው፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ እጅ የተጻፈና የቃል ኑዛዜ። የቃል ኑዛዜ የሚባለው፣ ሞት እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትናንሽ ልጆቹ ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ መናዘዝ ይችላል፤ ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም። ተናዛዡ ከሦስት ወር በኋላም በሕይወት ካለ ኑዛዜው በራሱ ይቀራል።

ቀጥሎ አዲስ ኑዛዜ ይጻፉ። በራስዎ እጅ ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራስዎ ይጻፉት፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያስፍሩ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ጽፈው ይፈርሙ። ከዚያ ይህን ዓረፍተ ነገር አይርሱ፦ «ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ማንኛውንም ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ ሽሬዋለሁ»። ይህ ካልተጻፈ ሁለቱ ኑዛዜዎች እስካልተጋጩ ድረስ አብረው ይፈጸማሉ፤ ሲጋጩ ብቻ የኋለኛው ይበልጣል። የወንድማማች ክርክር የሚረዝመው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

በግልጽ የሚደረገውን ከመረጡ ሌላ ሰው ሊጽፍልዎ ይችላል። ነገር ግን በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ሁላችሁም ወዲያው ፈርሙ ወይም የጣት አሻራ አኑሩ። በዚህች አንድ መስመር መጉደል የሟች የመጨረሻ ፈቃድ ሲፈርስ ማየት ያሳዝናል። ውርስ የሚደርሰውን ሰው ምስክር አያድርጉ።

የቀድሞውን አስቦ መቅደድ ወይም መሰረዝም መሻር ነው። ሌላ ቅጂ ዘመድ ቤት ካለ ግን መቅደዱን ብቻ አይመኑ፤ አዲሱን ጽሑፍ ይጨምሩበት። ለባለቤትዎ ተናዝዘው ከተፋቱ፣ ወይም ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደልዎ፣ የቀድሞው ሊቀር ስለሚችል አይቆዩ፤ እንደገና ይናዘዙ።

በእጅዎ የጻፉትን ሳጥን ውስጥ አይተዉት። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። አስቀምጠው ሲመለሱ የት እንዳለ ለሚያምኑት አንድ ሰው ይንገሩ።