3600 ተጽፎበት በ2133 ይሠራ የነበረው ራም

የገዛኋቸው ሁለት ዲዲአር4 ራሞች (የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ካርዶች) ላይ ፍጥነታቸው 3600 ተብሎ ተጽፎ ሳለ ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝ 2133 ብቻ ነበር። ራሞቹ ጤነኞች ናቸው፤ የተጻፈባቸው ፍጥነት የሚገኘው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ፣ ማለትም የዋናው ሰሌዳ፣ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒን፣ ማለትም ራሙ ላይ አስቀድሞ የተቀመጠውን የፍጥነት ቅንብር፣ በማብራት ነው። አበራሁት። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ጠፋ፤ ስክሪኑም ጨለመ።

ደነገጥኩ፤ ግን የተቃጠለ ነገር አልነበረም። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅዬ፣ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ አውጥቼ አምስት ደቂቃ ስጠብቅ ባዮሱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ራሞቹን ጎን ለጎን መሰካቴን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። የማዘርቦርዱ መመሪያ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ይሁኑ ይላል። አዛውሬ፣ ቀጭ እስኪሉ ተጭኜ፣ ኤክስኤምፒን ደግሜ ሳበራ ዊንዶውስ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ማቆም ያጓጓል፤ አታቁሙ። ሌሊቱን ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሳስኬድ አንዲት ስሕተት በቀይ ተጽፋ አገኘሁ። አንዲትም ብትሆን አትናቅም፤ የሚሳሳት ራም ፎቶውንም ሰነዱንም ሳይታወቅ አበላሽቶ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። የራሙን ቮልቴጅ ከ1.35 ቮልት ከፍ ከማድረግ ይልቅ ፍጥነቱን ወደ 3466 አወረድኩ። ፈተናውን ደግሜ ሳስኬደው አራቱም ዙር ያለ ስሕተት አለፈ። እስካሁን በዚያው እየሠራሁ ነው።